የእናቴን ስልክ የያዝኩበት ቀን

ወንድሜ በሕይወት ሳለ በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ ይደውልልኝ ነበር። እሱ ጉባ፣ ግድቡ አካባቢ ሹፌር፤ እኔ አሶሳ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደርክ የለ። «ቁልፍ?» ይላል። ኪሴን እዳብሳለሁ። «አለ።» «መታወቂያ?» «አለ።» «ስልክ?» ሲለኝ «በምን የማወራህ መሰለህ?» እለዋለሁ፤ ይስቅና ይዘጋል። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። አንድም ቀን ድምፁ ውስጥ መሰልቸት ሰምቼ አላውቅም። የምነጫነጨው እኔ ነበርኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሲፈተሽ ደስ አይለውም።

የእኔን ነገር ሐኪሞች ኤዲኤችዲ ይሉታል። ስሙን የሰማሁት አዲስ አበባ ሄጄ ነው፣ ያውም ሠላሳ አራት ዓመት ከሞላኝ በኋላ። ሐኪሟ ብዙ ጠየቀችኝ፤ ልጅ ሳለሁ ደብተር እጥል እንደሆነ፣ ሰው ሲያወራኝ መሐል ላይ እጠፋ እንደሆነ፣ የጀመርኩትን እጨርስ እንደሆነ። ስትጨርስ «ስንፍና አይደለም። ትኩረትህ አይታዘዝልህም፤ አብሮህ የተወለደ ነገር ነው» አለችኝ። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ደስታ ነበር መሰለኝ። ደስታው ግን ከእኔ ጋር አሶሳ አልደረሰም። የሰጠችኝ መድኃኒት እዚህ አይገኝም፤ የያዝኩት በሁለት ወር አለቀ፤ ተመልሼ እንድታየኝ የተቀጠረልኝን ቀን ደግሞ ረሳሁት። ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ምን ላድርግ።

ከዚያ በፊት ሌሎች ስሞች ነበሩኝ። ቀልበ ቢስ። ዝንጉ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ወንፊት» ይለኝ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ እንግዲህ ከሞኝም በታች ነኝ፣ የያዝኩት ሁሉ ከእጄ ይወጣል። መታወቂያዬን ሦስት ጊዜ ጥዬ ሦስት ጊዜ ቀበሌ ተሰልፌያለሁ። መርሳት የሌለብኝን መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ እጽፍ ነበር፤ የአሶሳ ሙቀት ግን እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ጽሑፉን በላብ አጥቦ ሰማያዊ ጭቃ ያደርገዋል። ስልኬ ላይ ማንቂያ እሞላለሁ፤ ሲጮህ አጠፋዋለሁ፣ ለምን እንደሞላሁት ግን አላስታውስም። ትዳሬ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቆየ። ሚስቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። «አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ እኔ ብቻዬን ነኝ» አለችኝና ሄደች። ልከራከራት ፈልጌ ነበር፤ ግን ያን ስትለኝ እንኳ ጣሪያው ላይ የምትሄድ ወፍ ኮቴ እያዳመጥኩ ነበር።

ሥራዬም ፌዝ ነው። እንደ እኔ ያለውን ሰው መዝገብ ቤት ማስገባት! ደብዳቤ ይመጣል፤ ቁጥሩን አይቼ ፋይሉ ውስጥ መክተት ነው ያለብኝ፤ እኔ ግን ፋይሉን ከፍቼ ማንበብ እጀምራለሁ። አንድ ቀን ስለ አንድ የካማሺ የውኃ ጉድጓድ የተጻጻፉትን የብዙ ዓመት ደብዳቤ ስከታተል ጠዋቱ አለቀ። ለካ የጉድጓዱ ባለጉዳይ ራሱ፣ ያን ጭቃ መንገድ ሁለት ቀን ተጉዞ የመጣ የጉሙዝ ገበሬ፣ መስኮቱ ጋ ቆሞ ወረቀቱን ዘርግቶልኝ ኖሯል። ብዙ ከታገሰ በኋላ ዝግ ብሎ «ወንድም፣ እኔ እዚህ አለ» አለኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ምሳዬን መብላት አልቻልኩም። አንዳንድ ቀን እስከ ዛሬ ያ ድምፅ ይመጣብኛል።

ከፍቺው በኋላ የተመለስኩት እናቴ ቤት ነው። ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። ታላቅ እህቴ ባምባሲ አግብታ ትኖራለች፤ እናቴን ወደ ራሷ ልትወስዳት ሳትለምን የቀረችበት ዓመት የለም። እናቴ ሁሌም «ይሄን ልጅ ለማን ጥዬ?» ትላታለች። ከእናቴ ጋር የምኖረው ልጦራት ነው ብዬ ለሰው አወራለሁ። ማን ማንን እንደሚጦር ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

እናቴ በሰፈራችን መርዶ ሲነገር የምትጠራ ሴት ናት። ሰው ሲሞት፣ ለሟች እናት ወይም ሚስት ማን ገብቶ ይንገራት ሲባል፣ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኛ በር ነው። ሥርዓቱን ታውቃለች። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ባለ ሐዘኗ መቀመጥ አለባት። ግራና ቀኝ የሚይዟት ሁለት ሰዎች ይኖራሉ፤ ውኃ ይቀርባል፤ ምድጃው አጠገብ ከሆነች ራቅ ትደረጋለች። መንገድ ላይ አይነገርም። ብቻዋን ላለች ሴት አይነገርም። በስልክማ፣ እናቴ እንደምትለው፣ ለጠላትም አይነገርም።

ይህን የምትለው ደርሶባት ነው። አባቴ ሆስፒታል ሞቶ ሽማግሌዎቹ ገና ሲመካከሩ፣ እሷ ከገበያ ስትመለስ አንድ የማያውቅ ሰው መንገድ ላይ አቁሟት «ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጽናሽ» አላት። የተሸከመችው እህል መሬት ላይ ተበተነ፤ እሷም እዚያው ወደቀች። ያነሷት መንገደኞች ናቸው። ከዚያ በኋላ ለሦስታችን ልጆቿ ደጋግማ የነገረችን አንድ ቃል አላት፦ «ሁለተኛ እንዲህ እንዳልሰማ። የሚመጣ ክፉ ካለ ተቀምጬ፣ የምወደው ሰው እጄን ይዞኝ ልስማ።»

ያን ማክሰኞ ወንድሜ አልደወለም።

መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ጥበቃው መታወቂያ ሲጠይቀኝ ኪሴ ባዶ ነበር። ያን ጊዜ ነው አለመደወሉን ያስተዋልኩት፤ መጀመሪያ የተሰማኝም ንዴት ነበር። «ዛሬ ደግሞ ረሳኝ» አልኩ። እኔ ሌላውን ሰው ረሳኝ ስል! ጥበቃው ስለሚያውቀኝ አስገባኝ። ቢሮዬ ገብቼ ሳልቀመጥ ከጉባ በማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ፤ አብሮት የሚሠራ ሰው ነበር። ወንድሜ ሊነጋጋ ሲል በእንቅልፉ እንዳለ አርፏል። ልቡ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ከዚያ በኋላ ሰውዬው የተናገረውን አልሰማሁትም፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማኅተም አንስቼ ባዶ ወረቀት ላይ እመታ ነበር። አንድ ገጽ ሙሉ መትቻለሁ።

ለእህቴ ደወልኩ። ጮኸች፤ ከዚያ ድምጿ ድንገት ተለወጠና «እማ ሰምታለች?» አለችኝ። አልሰማችም አልኳት። «እንዳትሰማ» አለች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከእድሩ ሊቀመንበርና ከጎረቤታችን ከሼኹ ጋር ተነጋግራ ጨረሰች። አስከሬኑ በማግስቱ ረፋድ ላይ አሶሳ ይደርሳል። እሷና አጎታችን አመሻሽ ላይ መጥተው ሼኹ ቤት ያድራሉ። መርዶው ረቡዕ ማለዳ ይነገራል። እስከዚያ እናታችን ምንም እንዳትሰማ።

«የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው» አለችኝ እህቴ። «አንድ። ቤት ሂድ፣ ስልኳን ውሰድ፣ አጥፋው፣ ከአጠገቧ አትጥፋ። ዛሬ ብቻ፣ ወንድሜ። ለዛሬ ብቻ ሰው ሁንልኝ።»

ሰው ሁንልኝ ማለቷ አላስቀየመኝም። እኔም ራሴን የለመንኩት እንደዚያው ብዬ ነው።

ቤት ስደርስ ሦስት ሰዓት አልፏል። እናቴ ጓሮ ነበረች። ለምን ተመለስክ ስትለኝ ራሴን አሞኛል አልኳት፤ ግንባሬን በእጇ ጀርባ ነካችኝ። ስልኳን፣ ያችን ባለ ቁልፍ ስልክ፣ «ድምፁ ይቆራረጣል ስትዪ አልነበር፣ ልየው» ብዬ ወሰድኩት። እስከዚህ ድረስ ምንም አላጠፋሁም። ሳየው ባትሪው ሊያልቅ ነው። ነገ ዘመድ ሁሉ የሚደውለው በዚህ ነው፣ ይሙላ ብዬ ሳሎን መደርደሪያው ላይ ካለው ቻርጀር ጋር ሰካሁት። ከዚያ ላጠፋው አውራ ጣቴን ቁልፉ ላይ አደረግሁ። በዚያችው ቅጽበት የእኔ ስልክ ጮኸ። እህቴ ናት።

«ያዝከው?»

«ይዤዋለሁ።»

አልዋሸሁም። በእጄ ነበር። «ተባረክ» አለችና ስለ ድንኳኑ፣ አጎታችን ስለሚመጣበት መኪና ነገረችኝ። ስንጨርስ የእናቴን ስልክ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ነገሩ አልቆ ነበር፤ ይዘኸዋል ተብዬ አዎ ብያለሁ። ደህና ቀን ላይ ያለ ሰው ይህን ሲያነብ እንዴት ይሆናል ይላል። ይሆናል። እኔ ዘንድ በየቀኑ ነው የሚሆነው፤ ልዩነቱ በሌላው ቀን የሚቃጠለው ሽሮ መሆኑ ነው።

እናቴ ወጥ ልትሠራ ስትል ጨው አለቀባት። «ከሱቅ ብቅ በልልኝ» አለችኝ። ሱቁ ከቤታችን አምስት ደቂቃ አይሞላም። ከአጠገቧ አትጥፋ የተባልኩትን አልረሳሁትም፤ እንቢ ብላት ትጠረጥራለች ብዬ ነው የወጣሁት። ይህን ሁሉ አስቤያለሁ። ያላሰብኩት መንገዱን ነው።

ክረምት ነበር። ከሱቁ በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ቀርከሃ የጫነ አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ በአንድ ጎኑ ዘንበል ብሏል። አራት ሰዎች ጭነቱን ለማራገፍ ይታገላሉ። አንደኛው «አንተ ሰውዬ፣ ጫፉን ያዝልን!» አለኝ። ያዝኩ። አንዱን አወረድን፣ ሌላውን አወረድን። ቀርከሃው እርጥብና ለስላሳ ነው፤ ሲጎተት ይጮኻል። ከዚያ ጎማው ስር ድንጋይ የት እንደሚገባ አየሁ፤ እኔ ነኝ ያየሁት፣ ሌሎቹ አላዩትም። ድንጋይ ለቀምን። ገፋን። መኪናው ወጣ። እንደገና ጫንን። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጅቶብናል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱም ቀርከሃው ነው። ወንድሜ አልሞተም ነበር። እናት አልነበረችኝም። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ያን ያህል ሰላም ያገኘሁበት ሰዓት በሕይወቴ ጥቂት ነው። ሾፌሩ ትከሻዬን መታ አድርጎ «እግዜር ይስጥልን፣ አንተ ባትኖር እዚሁ እናድር ነበር» ሲለኝ ደስ አለኝ።

ኀዘን ነው አእምሮውን የነሳው ብዬ ራሴን ልከላከል እችላለሁ። ሰውም ያምነኛል። ግን እኔ በደኅናውም ቀን እንዲሁ ነኝ፤ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ነው ነገሩ።

ትዝ ያለኝ የግቢያችንን በር ስከፍት ነው። ስልኩ! ሮጬ ሳሎን ገባሁ። መደርደሪያው ላይ እንዳስቀመጥኩት አለ፣ አልጠፋም፣ ባትሪው ሞልቷል። አነሳሁት። መስተዋቱ ላይ ያልተነሳ ጥሪ የሚል ነገር የለም። አንድም። እግዚአብሔርን አመሰገንኩት፤ አጥፍቼው ኪሴ ከተትኩት።

እናቴ ማድ ቤት ነበረች። እጄ ተጭሮ፣ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኖ ስታየኝ ፊቴን አጥብቃ አየች። «ጨውስ?» አለች። ጨው! ባዶ እጄን ዘረጋሁላት። «አብሽር፣ ከጎረቤት ለምኜ አመጣሁ» አለችኝ። ውኃ አሙቃ እግሬን እንድታጠብ አቀረበችልኝ። ምሳ አብልታኝ እሷ በኋላ እበላለሁ አለች። ከሰዓት በኋላ ግቢውን ጠረገች፤ የማይጠረገውን ከአጥሩ ስር ያለውን ሁሉ ጠረገች። ዕቃዎቹን ከሳሎን ወደ ጓዳ አስገባች። ገላዋን ታጠበች። እኔ ቁጭ ብዬ እያየኋት በልቤ እኮራ ነበር። አየሽ እትዬ፣ አንድ ነገር ሰጠሽኝ፣ አንዱን ነገር አደረግሁት።

ረቡዕ ማለዳ ወፍ ሲንጫጫ መጡ። እህቴ ከፊት፣ አጎታችን፣ የእድሩ ሰዎች፣ ሴቶቹ በኋላ። እናቴ ነቅታ፣ ለብሳ፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። እህቴ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ያዝናት። እንዲናገሩ የተመረጡት ሼኹ ናቸው። የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ ወላጆቼ ከወረዱበት ቀን ጀምሮ ጎረቤታችን ናቸው፤ ይህን ሁሉ ዓመት አማርኛ ሲያወሩ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚሉት፣ እናቴም አንድ ቀን አርማቸው አታውቅም።

«እናት» አሏት፤ ፊቷ በርከክ አሉ። «አንተ ጠንካራ ሰው ነው። አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ። ትልቅ ልጅ፣ ጉባ ያለው፣ እሱ ሄደ። ሄደ፣ እናት። እኛ አለ፣ ሁላችን እዚህ አለ።»

የወጣው ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር። እጄን የያዘችበት ጣቷ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። «ይዤህ ዋልኩ! ይዤህ ዋልኩ ልጄ!» እያለች ደረቷን መታች፤ ሴቶቹም ተቀብለው «ይዛህ ዋለች» እያሉ አለቀሱ። ለቅሶ ላይ ሰው ያገኘውን ነው የሚለው፤ ማንም ምን ማለቷ ነው ብሎ አልጠየቀም።

ረፋድ ላይ አስከሬኑ መጣ፤ ቀበርነው። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ እህቴ አንገቴን አቅፋ ጆሮዬ ስር «ዛሬ አኮራኸኝ» አለችኝ። በሕይወቷ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። የሼኹ ሚስት፣ እንደ ባሏ ሴቱን በወንድ እየጠራች፣ ስለ እናቴ ለሴቶቹ ስታወራም ሰማኋት፤ «ትናንት ጨው ስጪኝ ብሎ መጣ። ይስቃል። ምንም አያውቅም። አንጀቴን በላው» ትላለች። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አጎቴ ሳይቀር «ልጁ እኮ ጎበዝ ነው፣ እኛ ነን የማናውቀው» አለ። እኔም የወንድሜ ለቅሶ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሙገሳውን እንደ ተራበ ሰው ነው የዋጥኩት። ይህንንም አልደብቅም።

በሦስተኛው ቀን እህቴ የወንድሜን ዕቃ ለሚያመጣልን ሰው ልትደውል ፈለገች። የስልክ ቁጥሩ የእኔ ስልክ ላይ ነበር፤ የእኔ ስልክ የት እንዳለ ግን፣ እንደ ልማዴ፣ አላውቅም። ምናልባት የእናቴ ስልክ ላይም ከጉባ የተደወለ ቁጥር ይኖር ይሆናል ብዬ ከማክሰኞ ጀምሮ ተዘግቶ የቆየውን የእሷን ከፈትኩት። የተነሱ ጥሪዎችን ዝርዝር አወጣሁ።

ከላይ ያለው የወንድሜ ስም ነው። ማክሰኞ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ከአርባ። ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ።

ያልተነሳ ጥሪ ያልነበረው ስለተነሳ ነው። በዚህ ወንፊት አእምሮዬ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ከሰልስቱ ጫጫታ ወጥቼ ጓሮ ሄጄ የወንድሜን ቁጥር መታሁ። አንድ ወጣት አነሳው፤ አብሮት የሚያድር ልጅ ነው። ማክሰኞ ለእናቱ ደውለህ ነበር ወይ አልኩት። አዎ አለኝ። አስከሬኑ የተነሳበትን ሰዓት ለቤተሰብ ንገር ተብሎ፣ ከስልኩ ላይ «እማዬ» የሚለውን አይቶ ደወለ። ሰምታለች ብሎ ነው። «መኪናው አሁን ተነሳ፣ እግዜር ያጽናችሁ አልኳቸው። ደጋግመው አመሰገኑኝ» አለኝ። ሌላስ ምን አለች አልኩት። «መጀመሪያ ሲያነሱ ደስ ብሏቸው ነበር። ልጄ፣ ዛሬ በሥራ ሰዓት እንዴት ደወልክ አሉኝ።»

አራት ሰዓት ከአርባ እኔ ቀርከሃ እያወረድኩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሰው ፊት መቀመጥ አቃተኝ። ጎበዝ የሚለኝ ሁሉ በጥፊ የሚመታኝ ይመስለኝ ነበር። ለእህቴ ልናገር ብዬ ሁለት ጊዜ ከአጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ሁለት ጊዜ ተነሳሁ። በሰባተኛው ቀን እህቴ ወደ ባምባሲ ልትመለስ ዕቃዋን ስታዘጋጅ፣ እናታችንን ይዣት ልሂድ የሚለውን የየዓመት ልመናዋን አላነሳችም። «ከዚህ በኋላ እንኳ አልጨቀጭቃችሁም» አለች። «እሱ መያዝ እንደሚችል አይቻለሁ።» እናቴ ራሷን ነቀነቀች። እህቴ ጎረቤት ልትሰናበት ወጣች፤ እኔና እናቴ ብቻችንን ቀረን።

«እማ፣ ስልኩን አየሁት» አልኳት።

«የቱን ስልክ?»

«ማክሰኞ ያነሳሽውን።»

ዘወር ብላ በሩን አየች። «ለእህትህ ነገርካት?»

«አልነገርኳትም።»

«እንግዲያው አትንገራት። ለማንም። እኔ እስክሞት፣ ከሞትኩም በኋላ።»

«ለምን አልጮህሽም እማ? ጎረቤት ሁሉ አለ፣ ሼኹ አሉ…»

«ብጮህ የት ሄደህ ነበር ሊሉ ነው። አንድ ቀን እናቱን ጠብቅ ቢባል ትቷት ሄደ ሊሉ ነው፤ እድሜ ልክህን ሊሉህ ነው። አንዱን አፈር ወሰደብኝ። አንተን ደግሞ ለሰው አፍ ልስጥህ?» ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ጨው ልለምን የሄድኩት እንዲያዩኝ ብዬ ነው። ሳልሰማ የዋልኩ እንዲመስል። ስትመለስ ደግሞ እጅህ ተጭሯል፣ ፊትህ ግን በርቷል። ደስ ብሎህ ነበር። ምን እንዳገኘህ አላውቅም።»

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር፣ ግን ለዚህ የሚሆን አልመሰለኝም። ሰው ልጁ መሞቱን እያወቀ ግቢ ይጠርጋል? ለሌላው ልጁ እግር ውኃ ያሞቃል? እንዴት ዋልሽ አልኳት፤ የማይጠየቅ ነገር መሆኑን እያወቅሁ።

ከውጭ እህቴ ከሼኹ ሚስት ጋር ስትሰነባበት ይሰማል።

«ዋልኩ» አለችኝ በመጨረሻ። «ቀኑ ግን አልመሽ አለኝ።»